ክርክር፦ የተሽከርካሪ ግጭት ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ለባሕር ዳር ታክሲዎች ግዴታ ይሁን?

ጣና ዳር፦ ይሁን ባይ ነኝ፤ ግን ዓይነቱ ይለይ። ተራው መሣሪያ ከፊት ያለውን ርቀት ለፍጥነት ልዩነት አካፍሎ ለግጭት የቀረውን ሰከንድ ያወጣል። ሚኒባስና ብስክሌት ጎን ለጎን በእኩል ፍጥነት ሲሄዱ ልዩነቱ ዜሮ ነው፤ በመካከላቸው ግማሽ ሜትር ቢቀርም ዝም ይላል። የመስክ ሞዴል ግን በእያንዳንዱ ተሽከርካሪና እግረኛ ዙሪያ የአደጋ መስክ ይስላል፦ በርቀት ይደክማል፣ በፍጥነትና በክብደት ይበረታል፣ ወደ ጉዞው አቅጣጫ ይረዝማል። ሐሳቡ ከሮቦት የመጣ ነው፤ ኡሳማ ካቲብ በ1986 እ.ኤ.አ. የሮቦት ክንድ ከመሰናክል እንዲሸሽ የተጠቀመበት።

የጋራዡ፦ ሒሳቡ ያምራል፤ ሴንሰሩስ? የስልክ ጂፒኤስ ከ3 እስከ 5 ሜትር ይስታል፤ ግማሽ ሜትር በእሱ አይለካም። ስለዚህ ካሜራና ራዳር ግድ ነው። ባጃጅ ላይ ካሜራ ስታስር ንዝረቱ ብሎኑን ያላላዋል፤ 1 ዲግሪ ከዞረ በ20 ሜትር ላይ 35 ሳንቲሜትር ያሳስታል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ጭቃው አለ።

መንገድ መሐንዲስ፦ ከሴንሰሩ በፊት ክብደቱን አስተካክሉ። ቀመሩ ውስጥ እውነተኛውን ኪሎ ካስገባችሁ የጫነ አይሱዙ መስኩን ይሞላዋል፤ መንገድ የምታቋርጥ ልጅ ግን ከቁጥር አትገባም። በኪሎ ፈንታ የሚደርሰው ጉዳት ነው መግባት ያለበት። መሣሪያው የሚጮኽበት ገደብም በወቅት ይለያይ። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ማለት በሰከንድ 13.9 ሜትር ነው። ሾፌሩ አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ 1.5 ሰከንድ ብንሰጠው 21 ሜትር ይሄዳል። ከዚያ ደረቅ አስፋልት ላይ ፍጥነቱ በየሰከንዱ 6 ሜትር በሰከንድ ከቀነሰ 16 ሜትር ይጨምራል፤ እርጥብ ላይ በ4 ከቀነሰ 24። ድምሩ 37 ወይም 45 ነው። በበጋ የተለካ ገደብ ሐምሌ ላይ ዘግይቶ ይጮኻል። መሣሪያውን ከዝናብ መጥረጊያው ሽቦ ጋር ማገናኘት ቀላሉ መፍትሔ ነው።

ጣና ዳር፦ እስማማለሁ። ጩኸቱ ግን በመስኩ መጠን ብቻ አይወሰን፤ ገበያ አካባቢ መስኩ ሁሌ ከፍ ያለ ነው፣ ያለማቋረጥ ይጮኻል። መጠኑ ከፍ ሲል መብራት፣ በድንገት መጨመር ሲጀምር ብቻ ድምፅ።

የጋራዡ፦ እሱ ባይሆን ሾፌሩ በሁለተኛው ቀን ፊውዙን ይነቅለዋል። በሞዴሎቹ ቀመር ውስጥ የሚገቡት ቁጥሮች ብዙውን ጊዜ መስመር ጠብቆ ከሚሄድ ትራፊክ የተወሰዱ ናቸው፤ እኛ ጋ ባጃጅ፣ ብስክሌትና አህያ በአንድ መስመር ናቸው። መጀመሪያ ጥቂት ሚኒባሶች ላይ ድምፁ ተዘግቶ ይመዝግብ፣ አንድ ክረምትና አንድ በጋ። ባጃጅ ይቆይ፤ ለእሱ ፍጥነት መገደብ ይበቃል።

መንገድ መሐንዲስ፦ ምዝገባውን እደግፋለሁ፣ ባጃጅን መተዉን አልደግፍም፤ ከብስክሌቱ ጎን ለጎን የሚሄደው እሱ ነው። ሌላም አለ፦ የተመዘገበው በማን እጅ ይቆያል? ባለንብረቱ አይቶ ደመወዝ የሚቆርጥበት ከሆነ ፊውዙ ያኔም ይነቀላል።