ጦርነት ያየ ተማሪ ፊት ስለ ሲቪል ጥበቃ እንዴት ላስተምር?

የዜግነት መምህር፦
ሰላም ለሁላችሁ። የማስተምርበት ወረዳ በሰሜኑ ጦርነት መሃል የከረመ ነው። ሰሞኑን ስለ ጄኔቫ ስምምነቶች፣ ማለትም በጦርነት ጊዜ ሰው ስለሚጠበቅባቸው ዓለም አቀፍ ሕጎች፣ ላስረዳ ሞከርኩ። ሲቪል አይነካም፣ ቁስለኛ አይገደልም፣ ጤና ተቋም አይጠቃም እያልኩ ስዘረዝር አንዱ ልጅ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ የኛ ጤና ጣቢያ እኮ አልጋው ሳይቀር ተጭኖ ነው የሄደው» አለኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ምላሴ ተሳሰረ። ልተወው ይሻላል?

በጎ ፈቃደኛዋ፦
መምህር፣ ከሕጉ በፊት ከብረቱ ይጀምሩ። እኛ አካባቢ ልጆች ቀለሃ ለቅመው ለቁራሌ ይሸጣሉ፤ ከቀለሃው ጋር ያልፈነዳ ቅምቡላም ይገኛል። እንዳይነኩ፣ ድንጋይ እንዳይወረውሩበት፣ በመጡበት ዱካ ተመልሰው ለትልቅ ሰው እንዲናገሩ ያስተምሯቸው። ከዚያ «ተዋጊው ሄዶ እንኳ ሲቪል ለምን ይሞታል?» ብለው ይጠይቋቸው። ሕጉን ራሳቸው ያመጡታል።

ታዛቢው፦
ሕጉን የማያውቅ አዛዥ ያለ ይመስል! የሰሜኑን ጦርነት ያስቆመው የፕሪቶሪያ ስምምነት በጥቅምት 2015 ተፈረመ፣ እሺ። ዓመት ሳይሞላው አማራ ክልል ውስጥ ሌላ ተኩስ ተጀመረ።

ጠበቃው፦
ታዛቢው፣ ንዴትህ ይገባኛል። ግን ነገሩ የፈረንጅ ምክር ብቻ አይደለም። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 270 በሲቪል ሕዝብ ላይ የሚፈጸም የጦር ወንጀልን በስሙ ጠርቶ ይቀጣል፤ ቅጣቱ ከ5 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት፣ ሲከፋም ዕድሜ ልክ ወይም ሞት ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28 ደግሞ በሰው ልጅ ላይ የተፈጸመ ወንጀል በይርጋ አይታገድም፣ ማለትም ጊዜ አለፈበት ተብሎ ክሱ አይቀርም፣ ይላል። መምህር፣ ለልጁ «ልክ ነህ፣ ያየኸው ወንጀል ነው» በለው። የዘረፈው ሰው አልተጠየቀም ማለት ሕጉ የለም ማለት አይደለም።

የቀድሞ ወታደር፦
እኔ የተማርኩት አንድ ከሰዓት ነው፣ ግማሾቻችን አንቀላፍተን። የቀረችኝ አንዲት ነገር ብትሆን «እጁን የሰጠ አይመታም» የምትለዋ ናት። በኋላ ሜዳ ላይ የቆሰለ ልጅ አገኘን፣ ጓደኛዬ ጠመንጃውን ሲያነሳ ያቺ ነገር ትዝ አለችኝና እጁን ያዝኩት። ውሃ ሰጠነው። እና ወንድሜ፣ ልጆቹን እንደ ተበዳይ ብቻ አታስተምራቸው። ከመሃላቸው ነገ ጠመንጃ የሚይዝ አለ።

የዜግነት መምህር፦
ይቺን የመጨረሻዋን አላሰብኳትም ነበር። ሐሙስ ክፍለ ጊዜ አለኝ። ከቅምቡላው እጀምራለሁ፣ ያንን ልጅም ጤና ጣቢያው ውስጥ ምን ምን እንደነበር እንዲጽፍልኝ እጠይቀዋለሁ። ቁራሌውንም ላናግረው ነው፣ ከፈቀደ።