የሲያም ንጉሥ ልጆች መምህርት፦ ምስጋናው ለማን ነው?

መምህርት ከደሴ፦

ሰላም ለሁላችሁም። በትምህርት ቤታችን የእንግሊዝኛ ክበብ ተማሪዎች ሊከራከሩበት የመረጡት ጉዳይ፣ ከ1862 እስከ 1867 (ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በባንኮክ ቤተ መንግሥት የሲያምን (የዛሬዋን ታይላንድ) ንጉሥ የሞንግኩትን ልጆችና ሚስቶች እንግሊዝኛ ያስተማረችው የአና ሊዮኖዌንስ ታሪክ ነው። አንዱ ቡድን የንጉሡ ልጅ ልዑል ቹላሎንግኮርን ከነገሠ በኋላ ባርነትን ያስቀረው ከእርሷ በተማረው ነው ሲል፣ ሌላው ደግሞ ይህን ዝና ያተረፈችው ከአገሩ ከወጣች በኋላ ራሷ በጻፈቻቸው መጻሕፍት ነው ብሎ ይሟገታል። እኔን ይበልጥ የከነከነኝ ግን ሌላ ነው። ለ27 ዓመታት በምንኩስና የኖሩ የቡድሃ ሃይማኖት ሊቅ፣ ልጆቻቸውን ለባዕድ ሴት እንዴት አምነው ሰጡ? የምታውቁ ብታስረዱኝ ለዝግጅቱ ይረዳኛል።

ጡረተኛ የታሪክ መምህር ከሐይቅ፦

እኅቴ፣ ጥያቄዎ ከክርክሩ ርእስ ይልቅ ጠቃሚ ነው። ንጉሡ የውጭውን ዓለም ሳያውቁ በር የከፈቱ ሰው አልነበሩም፤ ገና በምንኩስና ሳሉ ላቲንን ከፈረንሳዊ ጳጳስ፣ እንግሊዝኛን ከአሜሪካውያን ሚስዮናውያን ተምረዋል፤ ሥነ ፈለክንም አጥንተዋል። በ1851 ሲነግሡ በምዕራብ በኩል እንግሊዝ በርማን እየቆራረሰች ትወስድ ነበር፤ አና በተቀጠረችበት በ1862 ደግሞ ፈረንሳይ ከቬትናም ደቡባዊ ግዛት ከፊሉን በውል ተረከበች። ሲያምም ብትሆን በ1855 ከእንግሊዝ ጋር ባደረገችው ውል የገቢ ቀረጧ ከመቶ 3 እንዳይበልጥ፣ በአገሯ የሚኖር እንግሊዛዊም በቆንስሉ ብቻ እንዲዳኝ ተስማምታለች። እንዲህ ያለውን ውል የሚወርስ ልጅ ቃሉን ከአስተርጓሚ አፍ ብቻ ቢሰማ ምን ሊደርስበት እንደሚችል እኛ ኢትዮጵያውያን እናውቀዋለን።

«አምነው ሰጡ» የሚለውን ግን አልቀበልም። ከአና በፊት የሚስዮናውያን ሚስቶች በዚያው ቤተ መንግሥት ያስተምሩ ነበር፤ ትምህርቱ ወደ ስብከት እየዞረ ስላስቸገረ ተቋረጠ። ስለዚህም ንጉሡ ለአና በጻፉት ደብዳቤ ቋንቋ፣ ሳይንስና ሥነ ጽሑፍ እንድታስተምር፣ ወደ ክርስትና ለመሳብ ግን እንዳትሞክር አስቀድመው አሳስበዋታል። እምነት በንጉሥ ትእዛዝ የተወሰነበትን የ1878ቱን የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ለምናውቅ ለወሎ ሰዎች የዚህ ቃል ክብደት ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። ደሞዟን የሚከፍለውም፣ የትምህርቱን ወሰን የሚያበጀውም ቤተ መንግሥቱ ነበር።

አንባቢ ከኮምቦልቻ፦

ባርነቱን በተመለከተ ዘመኑን መቁጠር ይበቃል። ልዑሉ ከአና ዘንድ መማር ሲጀምር የ8 ዓመት ልጅ ነበር፤ እርሷ ስትሄድ ደግሞ ገና 13 ዓመቱ ነበር። በ1868 አባቱ ራሳቸው ቀኑን ያሰሉትን የጸሐይ ግርዶሽ ለማየት ከባንኮክ በስተደቡብ ወዳለ የባሕር ዳርቻ ተጉዘው በወባ ተይዘው ተመለሱና ከሁለት ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ ዐረፉ። ልጁ በ15 ዓመቱ ነገሠ፤ እስከ 1873 ግን ሥልጣኑ በእንደራሴ እጅ ነበር። በ1874 ባወጣው ሕግ፣ እርሱ ከነገሠበት ዓመት ወዲህ ከባሪያ የተወለዱት 21 ዓመት ሲሞላቸው ነጻ እንዲወጡ ደነገገ፤ ባርነት ፈጽሞ የተሻረው ግን በ1905 ነው። የመኳንንቱ ሀብትና ኀይል በሰው ጉልበት ላይ የቆመ ስለነበር ነገሩን ቀስ በቀስ ማስኬድ ነበረበት። ይህን ሁሉ የመንግሥት ብልሃት ለልጅነት መምህርቱ መስጠት ንጉሡን መበደል ይመስለኛል።

የራሷን ምስክርነትም በጥንቃቄ ማየት ይገባል። ዌልስ ተወለድሁ ስትል የኖረችው ሴት በ1831 ሕንድ ውስጥ አሕመድናጋር መወለዷን ተመራማሪዎች አግኝተዋል። በታሪኳ ላይ ተመሥርቶ የተሠራው የ1956ቱ ፊልምም በታይላንድ ታግዷል።

የቋንቋ ተማሪ ከወልድያ፦

ከላይ የተጻፉት ዓመታት ትክክል ናቸው፤ ፍርዱ ግን ጠነከረብኝ። ባሏ በ1859 ሞቶባት ሁለት ልጆች ይዛ የቀረች፣ በሲንጋፖር ትንሽ ትምህርት ቤት ከፍታ የምትተዳደር ሴት፣ ሕንድ የተወለደች የተራ ወታደር ልጅ ነኝ ብትል በዚያ የቅኝ ግዛት ኅብረተሰብ ልጁን የሚሰጣት እንግሊዛዊ ማን ነበር? ውሸቱን አላጸድቅም፤ የውሸቱን ምክንያት ግን ተማሪዎቹ ቢያውቁት እወዳለሁ። በዚያ ላይ ብዙ እምነቶች ጎን ለጎን በሚኖሩባት ሕንድ ማደጓ ባንኮክ ውስጥ 5 ዓመት ለመቆየት ሳይጠቅማት አልቀረም። መጽሐፏ ላይ የጻፈችውን ያህል እንግዳ ነበረች ብዬ አላምንም።

መምህር በተማሪው ላይ ያለው ተጽዕኖ ደግሞ በሕግ አንቀጽ አይለካም። ቹላሎንግኮርን ከነገሠ በኋላ የአና ልጅ ሉዊስ ወደ ሲያም ተመልሶ በንጉሡ ፈረሰኛ ጦር ውስጥ መኮንን ሆኖ አገልግሏል። የተጠላች መምህርት ልጅ እንዲህ ያለ አቀባበል የሚያገኝ አይመስለኝም።

የተንታ ሰው፦

ለክርክሩ ከእኛው አገር አንድ ታሪክ ይጨመርበት። ቹላሎንግኮርን በነገሠበት በዚያው በ1868፣ በሚያዝያ ወር፣ መቅደላ ወደቀች፤ የ7 ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁም ተወሰደ። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ገና በመንገድ ሳሉ ዐረፉ። ልጁን መጀመሪያ ያሳደገው አማርኛ የሚያውቀው እንግሊዛዊ መኮንን ካፒቴን ስፒዲ ነበር፤ በኋላ የእንግሊዝ መንግሥት ከእርሱ ለይቶ ወደ ቼልተንሃም፣ ከዚያም ወደ ራግቢ አዳሪ ትምህርት ቤቶች፣ በመጨረሻም ወደ ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ላከው። በ1879 በ18 ዓመቱ ሊድስ ከተማ ሞቶ ዊንድሰር ተቀበረ። ንግሥት ቪክቶሪያ ይራሩለት እንደነበር አይካድም፤ ይሁን እንጂ ለሲያሙ ልዑል መምህርት የመረጡት አባቱ ሲሆኑ፣ ለዓለማየሁ ግን አገሩንም፣ ቋንቋውንም፣ አስተማሪውንም የመረጠለት አባቱን ድል ያደረገው መንግሥት ነው። ተማሪዎቹ «ማን አስተማረ» ከሚለው በፊት «ማን መረጠ» ብለው ቢጠይቁ ይሻላል።

መምህርት ከደሴ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የክርክሩን ርእስ የተንታው ወንድማችን ባሉት መንገድ ቀይረነዋል፤ የ1874ቱን ሕግና የንጉሡን ደብዳቤም ለሁለቱም ቡድኖች እኩል እሰጣለሁ። የወልድያዋ እኅታችን ስለ ሉዊስ ያነሡትን ግን አና ተጽዕኖ ነበራት ብሎ ለሚሟገተው ቡድን ብቻ አስቀርቼዋለሁ፤ ሌላ ጠንካራ ማስረጃ የላቸውምና።