ቱሉ ዲምቱ ላይ ያለ ትንሽ ዳቦ ቤት ከትልቅ አከፋፋይ ጋር እንዴት ይወዳደር?

የጥጉ ዳቦ ቤት፦
ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ ያለን ዳቦ ቤት ነን፤ በቀን 1 ኩንታል ፉርኖ ዱቄት እንጋግራለን። 100 ግራሙን ዳቦ ለሱቆች የምናስረክበው በ10 ብር ነው። አሁን አንድ ትልቅ ዳቦ ቤት ከመሀል ከተማ በመኪና እያመጣ በ9 ብር ከ50 ማውረድ ጀምሯል። ከ14 ሱቆች 5ቱ ወደ እሱ ሄደዋል። ዋጋ እንቀንስ ወይስ ሌላ መላ አለ?

እርሾ፦
ዋጋውን እንዳትነኩት። እሱ ዱቄት የሚገዛው በመኪና ጭነት ነው፤ እናንተ 50 ሳንቲም ስትቀንሱ እሱ አንድ ብር ቢቀንስ ቀድማችሁ የምትዝሉት እናንተ ናችሁ።

መጀመሪያ ሚዛናችሁን እዩ። 50 ኪሎ ዱቄት፣ 30 ሊትር ውሃ፣ 900 ግራም ጨው፣ 400 ግራም ደረቅ እርሾ ሲቦካ፣ ማሽንና ጠረጴዛ ላይ የሚቀረው ተቀንሶ 80 ኪሎ ያህል ሊጥ ይወጣል። ዳቦ ምድጃ ውስጥ ከ12 እስከ 13 በመቶ ክብደቱን ስለሚያጣ፣ 100 ግራም ዳቦ 115 ግራም ሊጥ ይፈልጋል፤ ይህ 695 ዳቦ ነው። በዓይን ግምት 125 ግራም ከተቆረጠ ግን 640 ብቻ ይሆናል። 55 ዳቦ፣ ማለትም 550 ብር፣ በየግማሽ ኩንታሉ እየፈሰሰ ነው። ተፎካካሪያችሁ የቀነሰው 50 ሳንቲም በ695 ዳቦ ቢባዛ 350 ብር እንኳ አይሞላም።

ሊጥ መቁረጫ ማሽኑ በአንዴ 36 ቁራጭ የሚያወጣ ከሆነ ትልቁን ሊጥ 4 ኪሎ ከ140 ግራም፣ 30 የሚያወጣ ከሆነ 3 ኪሎ ከ450 ግራም መዝናችሁ ጫኑ። ከ115 አታሳንሱ ግን። ዳቦ በእጁ አንስቶ የሚመዝን ደንበኛ ወዲያው ያውቃል፤ አንዴ ከሄደ ደግሞ አይመለስም።

ባለ ባጃጁ፦
እርሾ ስለ ሚዛን ያለው ልክ ነው፤ ሱቁን የሚመልሰው ግን ሰዓት ነው። ከመሀል ከተማ የሚመጣው ዳቦ ማታ ተጋግሮ፣ ተጭኖ፣ መንገድ ላይ ቆይቶ ነው የሚደርሰው። የቱሉ ዲምቱና የኮዬ ፈጬ ሰው ደግሞ ሥራው ሩቅ ስለሆነ ገና ሳይነጋ ይወጣል። ሌሊት 8 ሰዓት ተኩል ካቦካችሁ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ከምድጃ ይወጣል፣ 11 ሰዓት ሱቅ ይደርሳል። ሁለተኛውን ዙር ከሰዓት 10 ሰዓት አድርሱ።

ትኩስ ነው ብላችሁ ከምድጃ በቀጥታ ላስቲክ ውስጥ አትክተቱት። እንፋሎቱ ቅርፊቱን ያረጥበዋል፣ ዳቦውም ቶሎ ይሻግታል። 25 ደቂቃ ቅርጫት ላይ አናፍሱና ንጹህ ጨርቅ አልብሱት።

ለሱቁም ተመላሽ ተቀበሉ፤ ባለሱቅ 50 ሳንቲም ከሚያተርፍ ያልተሸጠ 15 ዳቦ እጁ ላይ ባይቀር ይመርጣል።

ሂሳብ ሠራተኛ፦
ገደብ የሌለው ተመላሽ ዳቦ ቤት ይዘጋል። ከ100 ዳቦ 5 ብቻ፣ ያውም በማግስቱ ጠዋት፣ ተቆጥሮና በደብተር ተፈርሞ። አንድ ሱቅ ለሦስት ቀን በተከታታይ 5 ከመለሰ ትእዛዙን በ10 ቀንሱበት። የዱቤ ሱቅ ደግሞ ከአንድ ቀን በላይ አይደር፤ የትናንቱን ሳይከፍል የዛሬውን አታውርዱ።

ደግሞ ትልቁ የማይደርስበት ሥራ አለ፦ የበዓል ዋዜማ ሰው ድፎውን ቤት አቡክቶ በትሪ ይዞ ይመጣል። በትሪ ልክ የመጋገሪያ ዋጋ ለጥፉ፣ ቁጥር ስጡ፣ ሰዓት ቁረጡለት። ዱቄቱ የሱ ነው፤ ከናንተ የሚወጣው መብራትና ጉልበት ብቻ ነው። የእድርና የማኅበር ትእዛዝም ብዙ ጊዜ በዚያው በር ይገባል።

የጥጉ ዳቦ ቤት፦
እግዜር ይስጥልን። ሚዛኑን ዛሬ ማታ እንጀምራለን። አንድ የቀረ፦ ሊጡ ፓትራ (የመጋገሪያ ትሪ) ላይ ሆኖ መብራት ሲጠፋስ? ባለፈው ተነፍቶ ተነፍቶ ወደቀብን።

እርሾ፦
የአካባቢያችሁ ከፍታም ያፋጥነዋል፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነ የአየር ግፊቱ አነስተኛ ነው፣ ሊጥ ቶሎ ይነፋል። መብራት በሚጠፋባቸው ሰዓቶች በአንዴ 50 ሳይሆን 25 ኪሎ ብቻ አቡኩ፤ ለ25ቱ እርሾውን ወደ 150 ግራም አውርዱ፣ ውሃውም ለብ ያለ ሳይሆን ቀዝቃዛ ይሁን። ይህ አንድ ሰዓት ያህል ያተርፍላችኋል።

ከወደቀም አትድፉት። ሰብስባችሁ ለሚቀጥለው 50 ኪሎ ቡኮ እስከ 8 ኪሎ ድረስ ቀላቅሉት፤ የአዲሱን እርሾ 50 ግራም ቀንሱለት። ከ8 ኪሎ ካለፈ ዳቦው ይኮመጥጣል፣ ቅርፊቱም ቀለም አይዝም።