መሃል ከተማ ደህና ሆት ዶግ የት ይገኛል? ልጄ አላስቀመጠኝም

የለገሃሯ፦

ሰላም እንዴት ናችሁ? ቢሮዬ ለገሃር ነው፣ ቤቴ አራት ኪሎ። ትልቁ ልጄ 6 ዓመቱ ነው። የክፍል ጓደኛው ልደት ላይ ሆት ዶግ በላና ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ሌላ ወሬ የለም። እንጀራ ሲቀርብለት ፊቱ ይጠቁራል።

ቅዳሜ ዕለት ሜክሲኮ አካባቢ አንድ ቤት ይዤው ገባሁ። ስሙን አልጠራም። አስተናጋጁ ጨዋ፣ ቤቱ ንጹህ፣ ሜኑው ላይ ያለው ፎቶ ምራቅ ያስውጣል። የመጣው ግን ሌላ ነው። ዳቦው ማይክሮዌቭ ገብቶ የወጣ መሰለኝ፤ ሲቀርብ አልቦት ነበር፣ ወዲያው ደግሞ ድርቅ አለ። ሶሴጁ ከውጭ ተጠብሶ አኮፍኩፏል፣ መሃሉን ስቆርጠው ቀዝቃዛ ነው። ከላይ ካቻፕና ማዮኔዝ ተደፍቶበት ሥጋው የት እንዳለ አይታይም። ልጄ ካቻፑን ላሰና የቀረውን ወደ እኔ ገፋው።

እና እባካችሁ፣ ከፒያሳ እስከ ስታዲየም ባለው ውስጥ የት ልሂድ? ሳልከፍል በፊትስ ጥሩ መሆኑን በምን ልወቅ? ሌላው ደግሞ ሥጋው የምንድን ነው? እናቴ «የአሳማ ነው» ብላ ቤቱን አውካዋለች። አንድ አደራ፦ ፒያሳ «እዚያ ጋ ድሮ የነበረው ቤት» የሚል መልስ አትስጡኝ። የፈረሰ ቤት ሄጄ ሆት ዶግ አላዝም።

የአዋሬው ልጅ፦

ለልጁ እርጥብ አስለምጂው። ድንች፣ ዳቦ፣ ትንሽ ቃሪያ። የምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅም የለም።

የድሮ ሾርት ኦርደር፦

እህትዓለም፣ ስታዲየም ዙሪያ ሾርት ኦርደር፣ ማለት ቶሎ የሚደርስ ምግብ አብሳይ ሆኜ ሠርቻለሁ። አሁን ሌላ ሥራ ላይ ነኝ፤ ለማንም ገበያ ልስብ አይደለም።

የቀረበልሽ ከፍሪዘር ወጥቶ በቀጥታ የችብስ ዘይት ውስጥ የተጣለ ሶሴጅ ነው። ዘይቱ ውጩን ቶሎ ይይዘዋል፣ ያኮፈኮፈውም ለዚያ ነው። መሃሉ ግን በረዶውን ገና አልለቀቀም። ምሳ ሰዓት ላይ ይሄ አቋራጭ በጣም ይመቻል። አስተናጋጁ መስኮቱ ላይ ቆሞ «ሆት ዶጌ የታለ!» እያለ ሲጮህብህ፣ ሌላውን መንገድ ማን ያስታውሰዋል?

ሌላው መንገድ ደግሞ ከባድ አይደለም። ሶሴጁ ፋብሪካ ውስጥ በስሎ ነው የሚመጣው፤ ለኩሽናው የሚቀረው በደንብ ማሞቅ ነው። ማታ ከፍሪዘር ወደ ፍሪጅ ይወርዳል። ሲታዘዝ ሙቅ ውኃ ውስጥ ይገባል። የሚንተከተክ ውኃ አላልኩም፤ እሱ ይሰነጥቀዋል፣ ጣዕሙም ውኃው ውስጥ ይቀራል። መሃሉ እስኪያቃጥል ከሞቀ በኋላ በቢላ ጫፍ ሦስት አራት ቦታ ጫር ጫር ተደርጎ የጋለ ብረት ላይ ይንከባለላል። የተጫረው ቦታ ጠርዙ ቡናማ ሲሆን በቃ፣ ይነሳል። ዳቦው እዚያው ብረት ላይ ተከፍቶ በቅቤ ይጠበሳል፣ በውስጥ በኩል ብቻ። ውጩ ለስላሳ እንደሆነ ይቀራል፤ ውስጡ ደግሞ ጠንከር ስለሚል ካቻፑ ሰርጎ አያላሽቀውም። ይህችን ነገር የሚያደርግ ቤት ካገኘሽ ሌላውንም ነገር በሥርዓት እንደሚሠራ እርግጠኛ ሁኚ።

ሳትከፍዪ በፊት ብረቱን እዪ። ብዙ ቤት ኩሽናው ከካሸሩ ጀርባ ይታያል። ብረቱ ቀዝቅዞ ዘይቱ ብቻ የሚንጨረጨር ከሆነ ሻይ ጠጥተሽ ውጪ። ዘይቱ ጠቁሮ የሚጨስ ከሆነ ሻዩም ይቅር። ሶሴጁን ሙቅ ውኃ ውስጥ የሚያቆዩ ቤቶችም አሉ። ያ በራሱ ነውር የለውም። ገርጥቶና አብጦ ካየሽው ግን እዚያ የገባው ከጠዋት ነው።

ሥጋውን በተመለከተ፣ ርካሹ ብዙ ጊዜ የዶሮ ነው። ከአጥንት ላይ በማሽን ተላቅቆ የደቀቀ ሥጋ ስለሚገባበት ጥርስ ሳይነካው ይፈርሳል። የበሬው ጠንከር ይላል። ሮዝ ቀለሙን አይተሽ «ትኩስ ነው» እንዳትዪ፤ ቀለሙን የሚያቆየው ናይትራይት የሚባል ጨው ነው። በበግ አንጀት የሚሞላው የፈረንጁ ሶሴጅ ስትነክሺው ቀጭ ይላል። እኔ በሠራሁባቸው ቤቶች የሚገባው ግን ቆዳ አልባው ነበር። እሱ ፋብሪካ ውስጥ ሽፋን ለብሶ ይበስልና ሽፋኑ ተገፍፎ ነው የሚታሸገው። ስለዚህ ቀጭ እንዲል ከፈለግሽ ብረቱ ላይ ነው ተስፋሽ።

የተክለሃይማኖቱ፦

የአሳማውን ፍራቻ እኛ ሙስሊሞቹም እናንተም እኩል እንጋራዋለን፣ እናትሽ አይፈረድባቸውም። ካሸሩን «የምንድን ነው?» ብትዪው «የሥጋ» ይልሻል። እኔ ደርሶብኛል። ስለዚህ ፓኬቱን እንዲያሳዩሽ ጠይቂ። ደህና ቤት አይቀየምም። ከውጭ የመጣ ከሆነ የእንስሳው ዓይነት ተጽፎበታል፣ መጨረሻ ቀኑም አለ። ሐላል የሚል ማህተም ካለው እኔ ተገላገልኩ፤ ለክርስቲያን ጎረቤቶቼ ግን ያው ማህተም ሌላ ጥያቄ ይዞ ይመጣል። እሱን ቤታችሁ ተነጋገሩበት፣ ካሸር የሚፈታው ጉዳይ አይደለም።

ደግሞ ጊዜውን እዪ። በሁዳዴ 55 ቀን ሥጋ የሚነካ ሰው ሲያንስ፣ ያ ሶሴጅ ፍሪዘር ውስጥ ከርሞ የፋሲካ ሰሞን ሊወጣ ይችላል። በመሃል ደግሞ መብራት ስንቴ ይጠፋል? ይቀልጣል፣ መልሶ ይበርዳል። ሱፐርማርኬት ስትገዢም ፓኬቱ ውስጥ በረዶ ተጋግሮ ካየሽ መልሺው። በሁዳዴ ልጅሽ ከጠየቀሽ ወደ እኛ ሰፈር ነይ፣ የሙስሊም ቤቶች ሥጋ አያቆሙም። ረመዳን ከሆነ ደግሞ ከመግሪብ በኋላ።

ነርሷ፦

ትልቁ ልጄ ስላልሽ ከሱ በታችም አለ ብዬ ነው። ለትንሹ ልጅ ክብ ክብ አድርገሽ እንዳትቆርጪለት። ያ ክብ የሕፃን ጉሮሮ ልክ ነው፣ ገብቶ ይወተፋል። ከ4 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ መጀመሪያ በቁመቱ ለአራት ሰንጥቂው፣ ከዚያ አድቅቂው። ተቀምጦ ይብላ፣ እየሮጠ አይሆንም።

ሌላው፣ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2015 እንደ ሆት ዶግ ያሉትን የተቀነባበሩ ሥጋዎች ካንሰር አምጪ ብሎ መድቧቸዋል። በየቀኑ 50 ግራም የሚበላ ሰው የአንጀት ካንሰር ስጋቱ በ18 በመቶ ይጨምራል ነው የሚለው። አንድ ሶሴጅ እዚያው ገደማ ይመዝናል። አልፎ አልፎ ለደስታው ይብላ። ምሳ ዕቃው ውስጥ ግን አታስለምጂው።

የአዋሬው ልጅ፦

ነርሷ፣ ምሳችንን ጨርሰን ብትጽፊው ምን ነበረበት?

ቁም ነገር ላውራ። ቺካጎ ውስጥ ሆት ዶግ ላይ ካቻፕ ማድረግ እንደ ነውር ነው የሚታየው፣ ሰናፍጭ ነው የሚቀቡት። እኛ ሰናፍጩ ቤታችን አለ፤ ግን ብዙ ጊዜ ለጥሬ ሥጋ ካልሆነ አናወጣውም። የቤቱን ሰናፍጭ በዘይት ቀጠን አድርገሽ ሶሴጁ ላይ አንድ መስመር ብትስቢበት ጉድ ትያለሽ። ለልጁ ግን አይሆንም፣ አፍንጫው ያለቅሳል።

የለገሃሯ፦

ኧረ እግዜር ይስጣችሁ። ትንሿ 3 ዓመቷ ናት፣ ነርሷ በደንብ ገምተሻል። ሾርት ኦርደር፣ ብረቱም ዳቦውም ገባኝ፤ የት ልሂድ ለሚለው ግን ዘለልከኝ።

የድሮ ሾርት ኦርደር፦

የዘለልኩት አውቄ ነው። ኩሽናው ውስጥ ያለው ሰው ሲለቅ ቤቱም አብሮ ይቀየራል፤ ስም ብሰጥሽ በወሩ ትረግሚኛለሽ። አካባቢ ግን ልንገርሽ።

ለቤትሽ ቅርቡ ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ የሚወስደው መንገድ ነው። ዩኒቨርሲቲው ስላለ ተማሪ ይበዛል፣ ተማሪ ባለበት ሶሴጅ ፍሪዘር ውስጥ አይከርምም። ያማረ ወንበር ግን አትጠብቂ። ለቢሮሽ ደግሞ ከብሔራዊ ቲያትር እስከ አምባሳደር ያሉትን ሞክሪ። 6 ሰዓት ተኩል ላይ አትሂጂ፣ የቢሮ ሰው ሁሉ የሚወርደው ያኔ ነው። 8 ሰዓት ገደማ ብትገቢ ብረቱ ገና እንደጋለ ነው፣ አብሳዩም ፋታ አግኝቷል። «ዘይት ውስጥ ሳይሆን ብረት ላይ፣ ዳቦው በቅቤ፣ ካቻፑ ለብቻ» ብለሽ እዘዢ። ፊቱን ካጠቆረብሽ ብር ሳይወጣሽ መልስሽን አገኘሽ።

የለገሃሯ፦

ሐሙስ ከትምህርት ቤት ሲወጣ ወሰድኩት። ከአራት ኪሎ ከፍ ብሎ ያለ ጠባብ ቤት ነው፣ ወንበሮቹ እንዳልከው ናቸው። ካቻፑ ለብቻ ስል የምትሠራው ልጅ ሳቀችብኝ፣ ግን አደረገችው። ሳልጠይቃት የዶሮ መሆኑን ነገረችኝ፤ ፓኬቱንም አውጥታ አሳየችኝ። ብረቱ ላይ ጫር ጫር አድርጋ ነው የሠራችው። ዳቦው የተጠበሰው በዘይት ነው እንጂ በቅቤ አይደለም። ሶሴጁ ትንሽ ጨው በዝቶበታል፣ ግን እስከ መሃሉ ትኩስ ነበር። ልጄ ጨርሶ ሌላ ጠየቀ፣ ነርሷን አስቤ እምቢ አልኩት።

እሁድ ቤት ልሠራለት ነው። የዳቦው ነገር ነው የቸገረኝ። የሰፈራችን ፉርኖ ቅርፊቱ ደረቅ ነው፣ የልጅ ድድ ይልጣል። ለስላሳና ረዘም ያለ ዳቦ የት ይሸጣል?

የድሮ ሾርት ኦርደር፦

የበርገር ዳቦ የሚጋግር ዳቦ ቤት ፈልጊ። ሊጡ ያው ነው፣ ወተትና ዘይት የገባበት፤ ቅርጹን ብቻ ረዘም እንዲያደርጉልሽ በዋዜማው ማታ እዘዢ። እኛም የምናሠራው እንደዚያ ነበር። ለሁለትና ለሦስት ዳቦ ግን እሺ አይሉሽም፣ ጎረቤት አስተባብሪ።