«አሁን ነው መንግሥት ትዝ ያለህ?»

ቦርከና ማዶ፦
ተናድጄ ነው የምጽፈው፣ ስህተት ካለ እለፉኝ። ትናንት ከኮምቦልቻ ደሴ ለቃለ መጠይቅ ወጥቼ ነበር። መደቡ የንብረት አስተዳደር ባለሙያ ነው። የጽሑፍ ፈተናውን አንደኛ ወጥቻለሁ፤ ውጤቱ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ሰው ሁሉ አይቶታል። ገባሁ። ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። አንዱ ደብዳቤ ይፈርማል፣ ቀና አላለም። አንዷ የነጥብ መስጫ ወረቀቷን በክንዷ ሸፍና ታየኛለች። መሀል ያለው ፋይሌን ገለጥ ገለጥ አደረገና «42 ዓመት። አሁን ነው መንግሥት ትዝ ያለህ?» አለኝ። ሁለቱ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፣ ምን ላድርግ። ከዚያ «ከልጆች ጋር ተግባብተህ ትሠራለህ ወይ?» ተባልኩ። አለቀ። ሞዴል 19፣ የንብረት ገቢ ማድረጊያው ደረሰኝ፣ ምንድን ነው ያለኝ የለም። ስለ ቆጠራ የጠየቀኝ የለም። 14 ዓመት መጋዘን የያዝኩ ሰው ነኝ። እስቲ ፍረዱ።

ዜሮ ዓመት፦
ሰውየው ያለው ነውር ነው፣ እሱን አልደግፍም። ግን አንድ ነገር ልበል። እኔ የመውጫ ፈተና አልፌ ከተመረቅኩ 3 ዓመቴ ነው። ያንተን ማስታወቂያ እኔም አይቼዋለሁ፣ ልምድ ይላል። «0 ዓመት» የሚል ሲወጣ ደግሞ የምዝገባው ሰልፍ ከግቢ ወጥቶ መንገድ ይዘጋል። ፋብሪካ ጥሩ በነበረ ጊዜ መንግሥትን ዞር ብላችሁ አላያችሁም። ሲቀዘቅዝ ግን ሁላችሁም የሐረጎን ዳገት ወደ ደሴ ወጣችሁ። የመንግሥት ሥራ መጦሪያ አይደለም።

ሐረጎ ቁልቁለት፦
መጦሪያ? ሰውየው 42 ዓመቱ ነው። ጡረታ መውጫው 60 ነው። 18 ዓመት ይቀረዋል። 18 ዓመት ሙሉ ማን ማንን ነው የሚጦረው?

የጦሳ ልጅ፦
አብሽር ቦርከና ማዶ። ሰውየው ምናልባት ሊያቀልልህ ብሎ ይሆናል። አንዳንዱ ሲቀልድ አያምርበትም።

ቦርከና ማዶ፦
ቀልድ ከሆነ ነጥብ ሲሞላ ለምን ያየው ነበር?

ደረጃ ስምንት፦
እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፣ 16 ዓመት። ማንም ደስ አይበለው ግን እናገራለሁ። ጥያቄው ባለጌ ነው፣ ሐሳቡ ግን ትክክል ነው። በ2006ም በ2010ም «የመንግሥት ደሞዝ ለሻይ አይበቃም» እያላችሁ ስትስቁብን ነበር። የፋብሪካ ሰርቪስ ጥሏችሁ ሲሄድ እኛ ሚኒባስ እንጋፋ ነበር። እነዚህን ዓመታት ያሳለፈ ሰው የደረጃ እድገት እየጠበቀ ነው። መደቡ ለውጭ ሰው ሲወጣ የማን እድል ነው የሚሄደው? ደሞዝ ሲጨመር ሁሉም መንግሥት ትዝ አለው።

ሐረጎ ቁልቁለት፦
የትኛው ጭማሪ? ከመስከረም 2018 ጀምሮ የዲግሪ ጀማሪ 11,500 ተባለ። ቁጭ ብለህ ቀንስ። ግብሩ 2,100። ጡረታው 7 በመቶ፣ 805። እጅህ ላይ 8,595 ይቀራል። ከዚያ ላይ መዋጮ የሚባል ነገር አለ፣ እሱን አንተ ታውቀዋለህ። ለዚች ብር ነው ሰው የሚጦረው?

ደረጃ ስምንት፦
እሱ የሚወዳደረው ለጀማሪ አይደለም። ልምድ ያለው መደብ ነው። ሳታነብ አትጻፍ።

ሐረጎ ቁልቁለት፦
አንብቤያለሁ። አንተ ግን በ16 ዓመት ደረጃ ስምንት ላይ ከሆንክ የከለከለህ የውጭ ሰው አይደለም።

ደረጃ ስምንት፦
ስም ነው ወንድም። ስም። ደረጃዬን ለአንተ አላሳይም።

ሙጋድ ሰፈር፦
ወንዶች ስትጣሉ እኔም የኔን ልበል። 38 ዓመቴ ነው። ልጆቼን ለማሳደግ 7 ዓመት ቤት ውዬ ነው የተመለስኩት። ለእኔ «አሁን ነው መንግሥት ትዝ ያለሽ» አላሉኝም። «ባለቤትሽ ይፈቅዳል ወይ?» ነው ያሉኝ። ትንሿ ልጄ ስንት ዓመቷ እንደሆነም ጠየቁኝ። ከእኔ በፊት የገባው ሰውዬ ሦስት ልጆች አሉት፣ አብረን ውጭ ስንጠብቅ ነግሮኛል። እሱን ስለ ልጅ አልጠየቁትም። ጠይቄዋለሁ።

ዜሮ ዓመት፦
እህቴ ይሄ በጣም ያሳፍራል። ግን ማስታወቂያው ላይ «ሴቶች ይበረታታሉ» ይላል እኮ።

ሙጋድ ሰፈር፦
አዎ፣ ተበረታታሁ።

ቦርከና ማዶ፦
ወደ ነገሬ ልመለስ። ዜሮ ዓመት «ዞር ብላችሁ አላያችሁም» ብሎኛል። ወላሂ አይቻለሁ። ያልከለከለኝ ነገር የለም። እስቲ የዘንድሮውን ብቻ ልንገራችሁ።

ማስታወቂያው ምን እንደሚል ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከግል ድርጅት የተገኘ ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑ መረጋገጥ አለበት። እሺ። ድርጅቱ የሥራ ልምድ ጽፎ ሰጠኝ፣ ማኅተም አለው፣ ደሞዝ አለው፣ ከዚህ እስከዚህ ይላል። እሱን ይዤ ወደ ግብር ሰዎች ሄድኩ። ከ2014 ወዲህ ያለው ተገኘ። ከዚያ በፊት ያለው የለም። በጥቅምት 2014 ኮምቦልቻ ምን እንደሆነች ለናንተ አልነግርም። ኅዳር መጨረሻ ላይ ስንመለስ የፔሮል ወረቀት ግቢው ውስጥ ጭቃ ላይ ተዘርግቶ ነው ያገኘነው። በእጄ ለቅሜያለሁ። የራሴን ስም የነሐሴ 2009 ገጽ ላይ አግኝቼ ስቄ ነበር። ያን ጊዜ ለምን እንዳላስቀመጥኩት አላውቅም፤ ሁሉንም ካርቶን ውስጥ አድርገን አስረከብን። ካርቶኑ የት እንደገባ ዛሬ የሚያውቅ የለም።

ስለዚህ 14 ዓመቴ ለመንግሥት 4 ሆነ። ለዚህ መደብ 4 ይበቃኛል፣ አልሐምዱሊላህ። ግን ሰውየው «አሁን ነው ትዝ ያለህ» ሲለኝ ያሰብኩት ይህን ነው። እኔ መንግሥትን አስታውሼዋለሁ፣ በየወሩ ከደሞዜ ሲቆርጥ።

የጦሳ ልጅ፦
ኧረ ያረቢ።

ሰርክ ሻይ፦
እኔም በሱ መንገድ አልፌያለሁ። በተለይ ኮስት ሼሪንግ! ማታ ኤክስቴንሽን በራሴ ብር ነው የተማርኩት። «የወጪ መጋራት ዕዳ የለብህም የሚል ደብዳቤ አምጣ» ተባልኩ። ተበድሬ አላውቅም አልኩ። «አለመበደርህን አምጣ።» ፒያሳ ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ልጅ አሁን ፋይሌን ሳልነግረው በቅደም ተከተል ይደረድረዋል። 8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ከታች፣ ዲግሪ ከላይ፣ መታወቂያ በስተመጨረሻ። «ዛሬም ነው?» ይለኛል።

ዜሮ ዓመት፦
ቦርከና ማዶ፣ ያንን አላውቅም ነበር። አዝናለሁ። ግን ነጥቤ አልተነካም። ለአንተ 4 ዓመት የለቀመልህ ሥርዓት ለእኔ ዜሮ ነው የሚለኝ። ልምድ ያለው እየገባ ልምድ የሌለው ልምዱን ከየት ያመጣዋል? መጦሪያ ያልኩት እሱን ነው።

ሐረጎ ቁልቁለት፦
አይደለም፣ አላልክም። መጦሪያ ያልከው ሰው ሲያረጅ የሚገባበት ቤት ማለት ነው። 42 ዓመት ሽማግሌ ነው ወይ? አዎ ወይም አይደለም በል።

ዜሮ ዓመት፦
ሽማግሌ አላልኩም። ከፋብሪካ ደክሞት የሚመጣ ሰው ማለቴ ነው። እዚያ ላቡን ጨርሶ እዚህ ወንበር ላይ ሊያርፍ።

ሐረጎ ቁልቁለት፦
አየህ፣ ከመጦሪያ ወደ ማረፊያ ቀየርከው። ነገ ደግሞ መዝናኛ ትለዋለህ።

ደረጃ ስምንት፦
ማረፊያ የምትሉትን ቢሮ መጥታችሁ እዩት። ወንበሩ አንድ እግሩ የለውም።

ጡረታ ቆጣሪ፦
ልጆች፣ መጦሪያ ካነሳችሁ አይቀር ቃሉን እንቁጠረው። ጡረታም ከዚያው ከመጦር ነው የመጣው። የግል ድርጅት ሠራተኛ ጡረታ ከ2003 ጀምሮ አለ። ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ነው የሚገባው። የግሉ አገልግሎት ከመንግሥቱ ጋር ይደመራል፣ አይጠፋም። 10 ዓመት ያገለገለ የመጨረሻ 3 ዓመት አማካይ ደሞዙን 30 በመቶ ያገኛል። ከ10 በላይ ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 ይጨመራል፣ ጣሪያው 70 ነው። ይህ ልጅ 14 ዓመት ያለ ጉድለት ተከፍሎለት ከሆነና 18 ቢጨምር 32 ይሆናል። 30 ሲደመር 27 ከግማሽ። 57 ከግማሽ በመቶ። ስለዚህ መጦሪያውን ራሱ ነው የሚከፍለው፣ ማንም አይሰጠውም። ይልቅ ቦርከና ማዶ፣ የጡረታ መለያ ቁጥርህ አለህ? መዋጮው በስምህ ገብቶ ከሆነ የጠፋውን 10 ዓመት የሚመሰክርልህ እሱ ነው። ሄደህ ጠይቅ።

ቦርከና ማዶ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ይህን ማንም አልነገረኝም። ቁጥሩ አለኝ።

ደረጃ ስምንት፦
ጋሼ ልክ ነዎት፣ ነገር ግን ልምዱን ለቅጥር የሚይዘው የሰው ሀብት ክፍሉ ነው። የጡረታ ማስረጃ ይዞ ቢሄድ «የሥራ ግብር ነው የተባልከው» ይሉታል። ከውስጥ ስለሆንኩ ነው።

ሐረጎ ቁልቁለት፦
ተመልከቱ። አንዱ በር ሲከፈት ሮጦ የሚዘጋው እሱ ነው። በነገራችን ላይ በ2016 አዲስ አበባ ላይ ነባሩን የመንግሥት ሠራተኛ የብቃት ምዘና ሲያስቀምጡት ስንቱ ወደቀ? «ልምድ» ያለው ሁሉ! የውጭ ሰው የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ደረጃ ስምንት፦
ያንን ፈተና አይተኸዋል? ከሥራው ጋር የማይገናኝ ነገር ተጠየቅን የሚሉ አሉ። አንተን ነገ ሐረጎ ላይ አስቁሜ ስለ ፍሬን ብጠይቅህ ትመልሳለህ?

ሐረጎ ቁልቁለት፦
እመልሳለሁ። ሹፌር ነኝ።

ሰርክ ሻይ፦
😂😂

የጦሳ ልጅ፦
እኔ ግን አንድ ነገር ቅር ይለኛል። የኮምቦልቻ ሰው ኢንዱስትሪ ፓርክ አለው፣ ደረቅ ወደብ አለው፣ ቢራ ፋብሪካ አለው። እኛ ደሴ ያለን ቢሮና ጭጋግ ነው። ቢሮውን ለኛ ብትተዉልን ምን አለበት?

ቦርከና ማዶ፦
ፓርኩ በ2009 ሲመረቅ እኮ እናንተም አብራችሁ አጨብጭባችኋል። በ2014 ጦርነቱ መጣ፣ በዚያው ዓመት አሜሪካ ያለ ቀረጥ የምንልክበትን የአጎዋን በር ዘጋችብን። ከዚያ ወዲህ ያለውን አንተም ታያለህ። ጭጋጉን ግን አልወስድባችሁም። ትናንት በእጅጌ ጉርድ ሸሚዝ ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ስንቀጠቀጥ ነው የዋልኩት። የፈራሁ መስሏቸው ይሆናል።

የጦሳ ልጅ፦
ደሴ ሲመጣ ጋቢ የማይዝ ሰው ንብረት ሊያስተዳድር! ለዚህ ነጥብ መቀነስ አለበት።

ሙጋድ ሰፈር፦
እኔ የምጠይቀው ደረጃ ስምንትን ነው። አንተ ፈታኝ ሆነህ ተቀምጠህ ታውቃለህ?

ደረጃ ስምንት፦
ሁለት ጊዜ።

ሙጋድ ሰፈር፦
እና ምን ትጠይቅ ነበር?

ደረጃ ስምንት፦
የተሰጠኝን። ጥያቄው ታሽጎ ነው የሚመጣው፣ ለሁሉም እኩል ይነበባል። መሆን ያለበት እንደዚያ ነው። ከዚያ ውጭ የሚባለው… ሰው ነው፣ አፉ ያመልጠዋል።

ሙጋድ ሰፈር፦
ያመለጠውን በነጥብ የሚሞላው አለ ወይ?

ሐረጎ ቁልቁለት፦
ዝም አለ።

ደረጃ ስምንት፦
ዝም አላልኩም፣ ስብሰባ ላይ ነኝ።

ሰርክ ሻይ፦
በሥራ ሰዓት ነው እንዴ ይህን ሁሉ የምትጽፈው?

ዜሮ ዓመት፦
ማረፊያ ያልኩት አሁን ገባችሁ?

ደረጃ ስምንት፦
ስብሰባው ሦስት ሰዓት ላይ ይጀመራል ተብሎ ኃላፊው እስካሁን አልመጣም። ምን ላድርግ፣ ወንበሩን ልጠግን?

ቦርከና ማዶ፦
ቅሬታ ላስገባ ነው። ማን ጋ ነው የሚገባው? እዚያው ነው ወይስ ከፍ ብሎ?

ደረጃ ስምንት፦
መጀመሪያ እዚያው፣ በጽሑፍ። ቀኑን ሳታሳልፍ። «አሁን ነው መንግሥት ትዝ ያለህ» የሚለውን ቃል በቃል ጻፈው። የራስህን ስሜት አትጨምር፣ ስሜት ያለበትን አያነቡትም። ኮፒውን ላይ «ደርሶናል» አስብልና ያዝ።

ሐረጎ ቁልቁለት፦
አሁን የሰው ልጅ ሆነ።

ደረጃ ስምንት፦
አሁንም የደረጃ እድገቱ ለኛ ይሁን ነው የምለው።

ዜሮ ዓመት፦
ውጤቱ መቼ ነው የሚለጠፈው?

ቦርከና ማዶ፦
ዓርብ ብለዋል። የትኛው ዓርብ እንደሆነ አልነገሩኝም።

ዜሮ ዓመት፦
ካለፍክ ግን ቢሮው ውስጥ 0 ዓመት የሚል መደብ ሲወጣ ቶሎ ንገረኝ። ማስታወቂያው ሰሌዳ ላይ ሳይደርስ።

ሐረጎ ቁልቁለት፦
ወደ መጦሪያው?