የደቻቱ ዳር እድሮችና አፎቻዎች የጋራ ሐሳብ፦ ረቂቁን እንጨርስ

ጸሐፊዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እሁድ እንደተባባልነው፣ እኛ እድሮችና አፎቻዎች (አፎቻ እንደ እድር ያለ መረዳጃ ማኅበር ነው) ስለ ጎርፍ ማስጠንቀቂያ ለቀበሌው፣ በእሱም በኩል ለድሬዳዋ ከተማ አስተዳደር የምናስገባውን የጋራ ሐሳብ እዚሁ እንጨርሰው። ክረምት ሳይገባ መድረስ አለበት።

ለአዲሶቹ አባላት መነሻውን ልንገር። ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት፣ 1998 ዓ.ም. ከተማችንን አቋርጦ የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ250 በላይ ሰው ጨረሰ። ሰዉ እንቅልፍ ላይ ነበር። ጎርፉን ያመጣው ደጋው ላይ የጣለው ዝናብ ነው፤ ቁልቁል ተንደርድሮ ድሬን (ድሬዳዋን) ያገኛት ተኝታ ነው። ወንዙ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ስለሆነ ሰው ይዘነጋዋል። ሚያዝያ 2012ም ጎርፍ መጥቶ ሰው ሞቷል። ያኔ ደግሞ ክረምት እንኳ አልገባም ነበር። አሁን ዳር ዳሩን ግንብ አለ፣ ጥሩ ነው። ግንብ ግን ሰው አይቀሰቅስም።

የእኔ ሐሳብ አጭር ነው። ሰው ሲሞት እድር ወዲያው ይነሳል። ጥሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ድስት ይጣዳል፣ የቀረውም በስም ተጠርቶ ይቀጣል። ይህንኑ ሰው ሳይሞት ብናደርገው ማን ይከለክለናል?

የጀመርኩት ረቂቅ ይኸው፦ «እኛ የደቻቱ ዳር እድሮችና አፎቻዎች የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ለየሰፈራችን ለማድረስ፣ አቅመ ደካሞችን ለማውጣት፣ ለተፈናቀሉም የመጀመሪያውን ሌሊት መጠለያና ምግብ ለማቅረብ ኃላፊነት እንወስዳለን። አስተዳደሩም...» የቀረውን እናንተ ሙሉት።

ገንዘብ ያዡ፦
ልጄ፣ ሐሳቡ መልካም ነው። ግን የእድር ብር የቀብር ብር ነው፤ ደንቡ እንደዚያ ይላል። ዛሬ ለፊሽካና ለባትሪ ካወጣን ነገ ሐዘንተኛ ሲመጣ ምን ልንሰጥ ነው? ደግሞ መንግሥት ያለበት ሥራ ነው። የአየር ትንበያ የሚያወጣ መሥሪያ ቤት አለ፣ የአደጋ ስጋት ኮሚሽን አለ። እኛ ምን አግብቶን?

የሐረር መስመር ሹፌር፦
ጋሼ፣ ትንበያው ለክልል ነው የሚወጣው። «በምሥራቁ የአገሪቱ ክፍል ከባድ ዝናብ ይጠበቃል» ቢባል የእኛ ሰፈር ሰው ይነሳል? አይነሳም። እኔ ግን ከሐረር ስመጣ ደጋው ላይ፣ ደንገጎ ስደርስ የመስታወት መጥረጊያው ዝናቡን አልችል ሲለኝ አውቀዋለሁ። ድሬ ወርጄ ስገባ አስፋልቱ ደረቅ፣ ሰዉ በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ ሻይ ይጠጣል። ያን ጊዜ የሚደወልበት አንድ ስልክ ቢኖር ምን ነበር! መስመሩ ላይ ያሉትን ሹፌሮች እኔ አስተባብራለሁ።

የሴቶች እድር ተወካይ፦
ማታስ? የ1998ቱ የመጣው ሌሊት ነው። ሌሊት ሚኒባስ የት አለ?

የሐረር መስመር ሹፌር፦
እውነትሽን ነው አቦ። እሱን አላሰብኩትም።

የአፎቻ ተወካይ፦
ላይ፣ ወንዙ የሚነሳበት አካባቢ ዘመድ ያለን ብዙ ነን። እዚያ ወንዝ ዳር የሚያርሱ፣ ሱቅ ያላቸው ሰዎች አሉ። ውኃው ሲለወጥ መጀመሪያ የሚሰሙት እነሱ ናቸው። በየወሩ የስልክ ካርድ ብንሞላላቸው ደስ ብሏቸው ይደውላሉ። ከዚያ በታች በመስጊድ ማይክ ማድረስ ይቻላል፤ ኢማሞቹን እኛ እናናግራለን። ቤተ ክርስቲያን ያሉትን እናንተ አናግሩ። ጥሪው በአማርኛም፣ በኦሮምኛም፣ በሶማልኛም ይሁን። በአንዱ ብቻ ከተጠራ ጎረቤት ተኝቶ ይቀራል።

የሴቶች እድር ተወካይ፦
በጥሩምባው ላይ ልናገር። ሌሊት ጥሩምባ ሲነፋ ሁላችን የምናስበው ሰው ሞተ ብለን ነው። ነጠላችንን አጣፍተን «የማን ቤት ነው?» እያልን መንገድ ላይ እንሰበሰባለን። ምናልባትም ወንዙ ዳር! ጎርፉ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ስለዚህ የጎርፍ ምልክት ከሞት ጥሪ ፈጽሞ መለየት አለበት። ጣሳ ይደብደብ፣ ፊሽካ ይነፋ፣ ብቻ ጥሩምባ አይሁን።

ሁለተኛ፣ አራስ ማን ቤት እንዳለች፣ አልጋ ላይ ማን እንደዋለ የምናውቀው እኛ ነን። ዝርዝሩን ለእኛ ተዉልን። ለእያንዳንዱ ደካማ ሁለት ጎረቤት፣ እነሱ ከሌሉም አንድ ተጠባባቂ እንመድባለን። የምንሸከምበት ግን ቸግሮኛል። እድሩ ያለው ቃሬዛ ነው። አንዷን እናት ባለፈው «ጎርፍ ቢመጣ በቃሬዛው እናወጣዎታለን» ብላቸው «እኔ በቁሜ እዚያ ላይ አልወጣም፤ ጎርፉ ይውሰደኝ» አሉኝ። አልፈርድባቸውም። ሸራና ሁለት ወፍራም እንጨት ግዙልን፤ እኛው እንሰፋዋለን።

ወጣቱ አባል፦
እኔ የምለው ስለ ማዳኑ ነው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ገዜ ጎፋ ላይ የሆነውን አስታውሱ። በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት ሰው ተሰበሰበ፣ በእጁም ሳይቀር ቆፈረ። ሁለተኛው ናዳ መጥቶ አዳኞቹን ጭምር ቀበረ። ከ200 በላይ ሰው ነው የሞተው። ደግነት ነው የገደላቸው ማለት ይቻላል። እኛም ጋ ውኃው ቀነስ ሲል ዕቃ ለማውጣት የሚገባው ብዙ ነው። ስለዚህ ይጻፍልኝ፦ ወደ ላይ፣ ውኃው ወደሚመጣበት የሚመለከት ፊሽካ የያዘ ሰው ሳይቆም ማንም አሸዋው ውስጥ አይገባም። በዚያ ሰዓት ወንዙን ከመጋላ ሰፈር ወደ ማዶው ከዚራ፣ ከከዚራም ወደ መጋላ መሻገር የለም። ሁሉም ባለበት በኩል ከፍ ወዳለው ቦታ ይውጣ። ልጁ ማዶ ያደረ ሰው ይህን እንደማይሰማ አውቃለሁ፤ ለዚህ ነው አስቀድሞ መነገር ያለበት።

ገንዘብ ያዡ፦
ስለ ገንዘቡ እሺ፣ ተረታሁ። ለሞተ የምናወጣው ብር በሕይወት ላለ ቢወጣ እግዜርም አይቆጣ። ጠቅላላ ጉባኤ ደንቡን ያሻሽል፤ ከዚያ በፊት ግን ሳንቲም አላወጣም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። ጎርፍ መጣ ተብሎ ሰው ሌሊት ከወጣ በኋላ ጎርፉ ባይመጣስ? ጣሳ የደበደበውን ልጅ «ሕዝብ አሸበርክ» ብለው ቢይዙትስ?

ጸሐፊዋ፦
ጋሼ፣ ዋናው ጥያቄ ይህ ነው። ሌላው ሁሉ በእጃችን ነው፤ ይህ ግን የእነሱን ፊርማ ይፈልጋል። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ኃላፊ ፈልጎ ፈቃድ ልጠይቅ የሚል ካለ፣ ፈቃዱ ሲመጣ ጎርፉ አልፏል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆንብናል። እኔ እንኳ በሦስት ከንቱ ጥሪ ብነሳ ይሻለኛል። ደግሞ ሰው እንዳይሰለች ጥሪውን በሁለት እንክፈለው። ደጋው ላይ ከባድ ዝናብ ከጣለ «ተዘጋጁ»፤ ልጅና ደካማ ቀድሞ ይውጣ። ላይ ያሉት ውኃው መጣ ካሉ «ውጡ»፤ ማንም ዕቃ አያንሳ።

እንግዲህ ረቂቁን እንዲህ ሞላሁት፦ «አስተዳደሩም በየሰፈሩ የተመረጡ ጠሪዎች ፈቃድ ሳይጠብቁ እንዲያስጠነቅቁ የጽሑፍ ውክልና ይስጠን፤ በቅን ልቦና ለተደረገ ጥሪም ማንም እንዳይጠየቅ ያረጋግጥ። ከፍ ያሉ ቦታዎች ላይ ያሉ ትምህርት ቤቶችን ቁልፍ ሌሊት የሚያገኝ ሰው በስም ይመድብ። ትንበያ ሲደርሰው ለእኛ ጠሪዎች በቀጥታ ይደውል። ክረምት ሳይገባ አንድ ጊዜ ማታ ላይ አብሮን ይለማመድ።»

ልምምዱን ማታ ያልኩት አውቄ ነው። ቀን ላይ ከሆነ ፎቶ ተነስተን እንበተናለን።

የአፎቻ ተወካይ፦
ተስማምተናል። «ትምህርት ቤቶችን» ከሚለው ቀጥሎ «መስጊዶችንና አብያተ ክርስቲያናትን» ጨምሪበት። አንድ ጥያቄ፦ የእኛ አፎቻ ማህተም የለውም። በፊርማ ብቻ ይቀበሉናል?

ጸሐፊዋ፦
ጨምሬዋለሁ። ማህተም የሌላችሁ የሦስት ሽማግሌ ስምና ፊርማ አምጡ፤ ቀበሌው እንደሚቀበል ጠይቄያለሁ። ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ቀበሌው በር ላይ እንገናኝ። ሹፌሩ፣ የሚደወልባቸውን ልጆች ስልክ ሐሙስ ይዘህ ና፤ እዚህ ላይ አትጻፈው።