ድምፅ አለው፣ ምስል የለውም፤ ቴሌቪዥኑን ቤት ውስጥ ፈትተን እንጠግነው ወይስ ይቅርብን?

የሽምብጥ ልጅ፦

ሰላም የባህር ዳር ልጆች፣ እንዴት ሰነበታችሁ? የምታውቁ ካላችሁ አንድ ነገር አማክሩኝ። በቀደም ያ ሁሉ መብረቅና ዝናብ የወረደ ማታ መብራት ሄደ፣ መጣ፣ ደግሞ ሄደ፣ ሲመለስ የእማዬ ቴሌቪዥን ድምፅ ብቻ ሆኖ ቀረ። 32 ኢንች ኤልኢዲ ነው። ሪሞቱ ይሠራል፣ ቻናል ይቀየራል፣ ዜናው ጥርት ብሎ ይሰማል፣ ስክሪኑ ግን ድቅድቅ ጨለማ ነው። እማዬ ጉልበቷን ያማታል፣ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ሲያቅታት ቅዳሴውን የምትከታተለው በሱ ነው፤ ስለዚህ ቶሎ እንዲሠራላት እፈልጋለሁ።

ጥገና ቤት ጠየቅሁ፣ የነገሩኝ ዋጋ የአዲሱን ግማሽ ሊደርስ ነው። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ዩቲዩብ ላይ አይቶ "ባክላይቱ፣ ስክሪኑን ከኋላ የሚያበራው መብራት ነው የተቃጠለው፣ እኔ እቀይረዋለሁ" ብሎ ካቻቢቴውን ይዞ ተነስቷል። ከሶኬት ከነቀልነው በኋላ አደጋ አለው እንዴ? ጓዳ ውስጥ የአባዬ የድሮው ባለትልቅ ሆድ ቴሌቪዥን አለ፣ መጀመሪያ እሱን ፈትቼ ልለማመድበት እያለ ነው። ምን ትላላችሁ?

ጠጋኙ፣ ግሽ ዓባይ፦

ወንድምዓለም፣ ከድሮው ልጀምር፣ እሱ ይብሳል። ወንድምህ እንዳይነካው ዛሬውኑ ንገረው። የከለር ቴሌቪዥን ቱቦ፣ ማለትም ምስሉ የሚታይበት ትልቁ መስተዋት፣ ሲሠራ ከ20,000 እስከ 30,000 ቮልት ነው የሚሸከመው። መስተዋቱ ራሱ ቻርጁን ይይዛል፣ ተነቅሎ ከቆየ በኋላም ሰው ይመታል። ወፍራሙ ገመድ ከላስቲክ ቆቡ ጋር ቱቦው ላይ የሚገባበት ቦታ አለ፤ እዚያ የነካ ሰው እጁ ሳያዝዘው ይወረወራል፣ ሲወረወር ደግሞ የሚያገኘውን ይመታል። ቱቦው ውስጥ አየር የለም። ክፉኛ ከተሰበረ ወደ ውስጥ ይፈነዳና ስባሪው ይረጫል። ለመለማመጃ የሚሆን ዕቃ አይደለም።

አሁን ወደ ኤልኢዲው። ከሶኬት ተነቅሏል ማለት ኤሌክትሪክ የለውም ማለት አይደለም። የቤታችን 220 ቮልት ኃይል የሚሰጠው ፓወር ቦርድ ላይ ሲደርስ ወደ ዲሲ ይቀየርና ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ የሚይዘው ትልቁ ካፓሲተር ላይ 310 ቮልት አካባቢ ሆኖ ይጠራቀማል፣ አንዳንዱ ቦርድ ላይ ወደ 400 ይጠጋል። ደህና ቦርድ ሲነቀል ቀስ እያለ ያራግፈዋል። የተበላሸው ግን ላያራግፍ ይችላል፣ አንተ የምትከፍተው ደግሞ የተበላሸውን ነው! በቴስተር (በቮልት መለኪያ) ሳይለኩ "ብዙ ቆይቷል፣ አልቆለታል" ብሎ እጅ መስደድ አይገባም። በካቻቢቴ ጫፍ አገናኝቶ ማራገፍ የሚባለውንም ተዉት፣ ፍንጣሪው ዓይን ያገኛል፣ ቦርዱንም ይጨርሰዋል።

ምንም ሳትፈታ ግን አንድ ነገር ማየት ትችላለህ። ማታ ክፍሉን አጨልመህ ቴሌቪዥኑን አብራውና የስልክህን መብራት ስክሪኑ ላይ አስጠግተህ በጎን አብራበት። ምስሉ ደብዘዝ ብሎ ከታየህ ስክሪኑ ደህና ነው፣ የጠፋው ከኋላ ያለው ባክላይት ነው። ይህን አውቀህ ጥገና ቤት ብትሄድ "ስክሪኑ ሞቷል" የሚልህ የለም።

ፋሲሎ፦

ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝና ጥገና ቤቶችም ዋጋውን አበዙት እኮ። እኔ የራሴንም የጎረቤቴንም ከፍቼ ሠርቻለሁ፣ ምንም አልሆንኩም። ፊውዝ ማለት አንዲት ቀጭን ሽቦ ነች፣ ስትቃጠል ሌላ ሽቦ አገናኝተህ ታስነሳዋለህ። አቧራውን ታራግፋለህ፣ ያበጠ ካፓሲተር ካለ ትቀይራለህ፣ አለቀ። ሰው እኮ ቤቱ የሚከፍተው ወዶ አይደለም፣ የሚከፍለው ብር ስለሌለው ነው።

ፖሊ፣ ኤሌክትሪካል፦

ስለ ብሩ ያልከው እውነት ነው ፋሲሎ፣ ሽቦው ላይ ግን በፍጹም አልስማማም። ፊውዝ ዝም ብሎ አይቃጠልም፤ አብዛኛውን ጊዜ ከሱ ወዲያ ያለ ዕቃ ሾርት አድርጎ ነው። በሽቦ ስታገናኘው ሾርቱ እዚያው ነው፣ የሚያስቆመው ነገር ግን የለም። ቦርዱ ይግላል፣ ፕላስቲኩ ይያያዛል፣ ከዚያ መጋረጃው። ሌሊት ሰው ተኝቶ መብራት ተመልሶ ሲመጣ ይህ ቢሆንስ? ፊውዝ የሚተካው በራሱ አምፒርና በራሱ ቮልት ነው፣ ያውም ያቃጠለው ነገር ተፈልጎ ከተገኘ በኋላ። ካፓሲተርም እንደዚያው፦ ማይክሮፋራዱ (የመያዝ አቅሙ) እኩል፣ ቮልቱ እኩል ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት፣ ፕላስና ማይነሱ ከተገለበጠ ደግሞ ይፈነዳል።

ጠያቂው፣ ስለ መብረቁ ደግሞ አንድ ልጨምር። ጣና ዳር እየኖርን ነጎድጓዱን ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ሰው ግን ሶኬቱን ብቻ ይነቅልና የዲሹን ኬብል ይረሳዋል። ጉዳቱ በኬብሉ ወርዶ ሪሲቨሩን፣ ከሪሲቨሩ በኤችዲኤምአይ አልፎ ቴሌቪዥኑን ያገኘዋል። ስታብላይዘር ቮልቴጅ ሲዋዥቅ ነው የሚረዳው፣ መብረቅን አያቆምም። ስለዚህ ገና ከሩቅ ሲያጉረመርም ሁለቱንም ንቀሉ። በላያችሁ ከደረሰ በኋላ ግን ኬብል አትንኩ፣ ዕቃው ይቅር። መብራት ሲመለስም ጥቂት ደቂቃ ታግሳችሁ አብሩ።

ነርሷ፣ ቀበሌ 14፦

ማንም ያላነሳውን ላንሳ። ወንድምህ ሲከፍት ቤት ውስጥ ማን አለ? እማማ ብቻ ከሆኑ በጣም ያስፈራኛል። ልጁን ኤሌክትሪክ ሲይዘው ያየች እናት በእጇ ነው የምትጎትተው፣ ያን ጊዜ ተጎጂው ሁለት ይሆናል። መጀመሪያ ቆጣሪው ጋ ያለውን ብሬከር አውርዱ። ያ ካልተቻለ በደረቅ እንጨት አላቁት፣ እናንተም ደረቅ ነገር ላይ ቁሙ። ካልተነፈሰ ደረቱ መሃል ላይ በኃይልና በፍጥነት መጫን ጀምሩ፣ አንድ ሰው ደግሞ 907 ደውሎ የቀይ መስቀልን አምቡላንስ ይጥራ። ተነስቶ "ደህና ነኝ" ቢላችሁም ፈለገ ሕይወት ወይም የሚቀርባችሁ ሐኪም ቤት ውሰዱት። ቆዳው ላይ ትንሽ ነጥብ ብቻ እየታየች ውስጡ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል፣ የልብ ምቱም ሊዛባ ይችላል።

ደግሞ ጓዳ ያለው የድሮው ቴሌቪዥን ከፍ ያለ ነገር ላይ ከሆነ አውርዱት። ክብደቱ ወደፊት ስለሆነ ሕፃን ከተንጠለጠለበት ይወድቅበታል።

የሽምብጥ ልጅ፦

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም፣ ይህን ያህል አልጠበቅሁም። ማታ በስልክ መብራት አየነው፣ ምስሉ ደብዘዝ ብሎ ታየ። የድሮውን መሬት ላይ አውርደነዋል፣ ወንድሜም እሱን ለመተው እሺ ብሏል። ባክላይቱን ግን "ፓወር ቦርዱን ሳልነካ ስትሪፑን፣ አምፖሎቹ የተደረደሩበትን ብቻ እቀይራለሁ" እያለ ነው፣ ቪዲዮው ላይ ቀላል ይመስላል።

ጠጋኙ፣ ግሽ ዓባይ፦

ቪዲዮው ላይ ቀላል የሚመስለው ስክሪኑ የሚነሳበትን ቦታ አሳጥረው ስለሚያሳዩት ነው። ባክላይቱ ጋ ለመድረስ ፓነሉ ይወጣል። ፓነሉ ስስ መስተዋት ነው፣ ጠርዙ ላይ ደግሞ እንደ ወረቀት የሳሱ ሪባኖች አሉት። አንዱ ትንሽ ከተቀደደ ስክሪኑ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ይወጣል፣ ያን ቤት ውስጥ የሚጠግነው የለም። ዛሬ በስትሪፕ የሚድን ቴሌቪዥን ነገ ለዕቃ የሚሸጥ ይሆናል። ሌላው፣ አምፖሎቹ በተከታታይ የተያያዙ ናቸው፣ አንዱ ሲቃጠል መስመሩ ሁሉ ይጠፋል፤ የሚያበራቸው መስመር ያን ጊዜ ከ100 ቮልት በላይ ሊወጣ ይችላል። ከፍቶ ሰክቶ "የትኛው ነው የጠፋው" እያሉ በጣት መነካካት እዚህ ላይ ነው የሚጎዳው።

ስለ ዋጋ ፋሲሎ ያለው ልክ ነው፣ መጠየቅ መብታችሁ ነው። የስትሪፑንና የእጅ ዋጋውን ለየብቻ አስነግሩ። ሁሉም ስትሪፕ ይቀየር፣ አንዱ ብቻ ከተቀየረ ሌሎቹ በእኩል ዕድሜ ስለሆኑ ተከትለው ይሄዳሉ። የወጣውን አሮጌውን ተቀበሉ። ከተሠራ በኋላ የባክላይቱን መጠን ከሴቲንግ ቀነስ አድርጉት፣ ያቆየዋል። ወንድምህ ፍላጎት ካለው ደግሞ ስሠራ አጠገቤ ይቀመጥ፣ ከቴስተር አያያዝ እጀምርለታለሁ።

ፋሲሎ፦

የፊውዙ አምፒር የት ላይ ነው የሚጻፈው? የጎረቤቴን ልመለከተው ፈልጌ ነው።

ፖሊ፣ ኤሌክትሪካል፦

ፊውዙ ጫፍ ላይ ባለው ብረት ላይ በትንሹ ተጽፏል፣ ቦርዱ ላይም አጠገቡ ታትሟል፤ ለምሳሌ 3.15 አምፒር፣ 250 ቮልት ይላል። አንተ ግን አትክፈተው፣ ዛሬ ከሶኬት ይነቅሉትና ለጋሼ ይውሰዱት፣ ሽቦ እንደገባበት ንገራቸው።

ጠጋኙ፣ ግሽ ዓባይ፦

አምጡት። የሽምብጡም፣ ከኋላው የተለጠፈውን ሞዴል ቁጥር ፎቶ አንስተህ አስቀድመህ ላክልኝ፣ ስትሪፑ እንደ ሞዴሉ ይለያያል። በባጃጅ ስታመጡት አታስተኙት፣ ቀጥ አድርጋችሁ ስክሪኑን በብርድ ልብስ ሸፍናችሁ ያዙት፣ ሪሞቱንም አትርሱ።